የብረት ቀጥቃጩ ስም፦ ሌፌቭር ከየት መጣ፣ የትስ ይገኛል?

ስለ ፈረንሳይ የቤተሰብ ስሞች የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው «ማርተን» ከሚለው ስም ነው፤ በአገሪቱ በብዛት ቀዳሚው እርሱ ነውና። እኔ ግን ይህን ጽሑፍ የሰጠሁት በተሸካሚዎቹ ብዛት ከመጀመሪያዎቹ 20 ስሞች ተርታ ለሚሰለፈው «ሌፌቭር» ነው። ማርተን የቱሩ ጳጳስ የቅዱስ ማርቲን ስም ነው፤ ስለ አመጣጡ ይህን ካሉ በኋላ የሚቀር ነገር ብዙ አይደለም። ሌፌቭር ግን የሥራ መጠሪያ ሆኖ ተነሥቶ፣ በየአካባቢው አነጋገር መልኩን ሲለዋውጥ ቆይቶ፣ ጸሐፊዎች በአፍ የማይሰማ ፊደል ከጨመሩበት በኋላ በመንግሥት መዝገብ ላይ እንደ ተገኘ የቀረ ስም ስለሆነ፣ የፈረንሳይ የቤተሰብ ስሞች እንዴት እንደ ተፈጠሩ ለማሳየት ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስሙ ሥር «ፋበር» የሚለው የላቲን ቃል ነው። ፋበር በመጀመሪያ ጠንካራ ነገርን እየቀረጸ ወይም እየቀጠቀጠ ዕቃ የሚሠራ ባለ እጅ ማለት ሲሆን፣ በኋላ ግን በተለይ ብረት ቀጥቃጩን ለማመልከት ዋለ። ቃሉ በሰሜን ፈረንሳይ ሕዝብ አፍ ሲኖር ከ«ር» በፊት ያለው «ብ» ወደ «ቭ» ለዘበ፤ በመነሻው ያለው «ፋ»ም ወደ «ፌ» ተለወጠ። ለውጡ በዚህ ቃል ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ ከንፈር ማለት የሆነው የላቲኑ «ላብሩም» በፈረንሳይኛ «ሌቭር» የሆነው በዚሁ ደንብ ነው። ብረት ቀጥቃጩም እንዲሁ «ፌቭር» ተባለ፤ «ሌ» የሚለው መስተአምር ከፊቱ ሲገባ ደግሞ «ሌ ፌቭር»፣ ማለትም «ቀጥቃጩ» ሆነ። ቃሉ ከዕለት ንግግር ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የዛሬዎቹ ፈረንሳውያን ብረት ቀጥቃጭን «ፎርዥሮን» ይሉታል። ፌቭር በሕይወት የቀረው ወርቅ አንጥረኛ ማለት በሆነው «ኦርፌቭር» ውስጥና በሰዎች የቤተሰብ ስም ላይ ነው።

የስሙን አነባበብ የማያውቅ ሰው የሚደናቀፍበት ስፍራ መካከሉ ነው። ሲነገር «ብ» ፈጽሞ አይሰማም፤ ሲጻፍ ግን ከ«ቭ» በፊት ተጽፎ ይታያል። ይህ «ብ» ከላቲን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ቅርስ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። በድምፅ ለውጥ ከጠፋ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ላቲን የተማሩ ጸሐፊዎች መልሰው ያስገቡት ነው። በኋለኛው መካከለኛ ዘመን የነበሩት የፍርድ ቤትና የውል ጸሐፊዎች የቃላትን የላቲን ዘር በጽሕፈት ማሳየት ይወዱ ነበር፤ ሰባት ማለት በሆነው «ሴት» ውስጥ ዛሬም ተጽፎ የማይነበበው «ፕ» የእነርሱ እጅ ሥራ ነው። ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝም ይኸኛው ነው። በዚያ ዘመን «ኡ» እና «ቭ» የተለያዩ ፊደላት ሆነው ገና አልተለዩም፤ አንዱ ምልክት ለሁለቱም ድምፅ ያገለግል ነበር። ከምልክቱ በፊት «ብ» መግባቱ አንባቢው ቀጥሎ ያለውን እንደ «ቭ» እንጂ እንደ «ኡ» እንዳያነበው የሚያስጠነቅቅ ነበር። ማስጠንቀቂያው ለሁሉም አልሠራም። አንዳንዶች የተጻፈውን እንዳለ አንብበው «ሌፌቡር» አሉ፤ ንባቡም በጊዜ ብዛት ራሱን ችሎ በሰሜን ፈረንሳይና በቤልጅየም የሚገኝ ሌላ የቤተሰብ ስም ሆነ። በ1817 በፓሪስ የተወለደው ኦርጋን ተጫዋቹ ሉዊ ሌፌቡር-ቬሊ የዚህ ንባብ ወራሽ ነው።

በ18ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የሰሜን ፈረንሳይ አጥቢያ የጥምቀት መዝገብ የገለጠ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ሊያየው ይችላል። ቄሱ የሕፃኑን ስም በኅዳጉ «ብ» ጨምሮ ያሰፍርና በዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ ያለ «ብ» ይጽፈዋል፤ አባትየው ሲፈርም በራሱ ልማድ «ሌ»ን ከ«ፌቭር» ለይቶ ይጽፋል፤ መጻፍ የማይችለው የክርስትና አባት በመስቀል ምልክት ያልፋል። ቄሱም አባትየውም የተሳሳቱ አልነበሩም፤ ትክክለኛው አጻጻፍ የሚባል ነገር ገና አልነበረምና። ዛሬ «ብ» ያለበትንና የሌለበትን ስም እንደ ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች መለያ የሚቆጥር ሰው ይህን ገጽ ቢያይ አቋሙን እንደ ገና መመርመሩ አይቀርም።

ስሙ ለምን እንዲህ በዛ? መልሱ ያለው ብረት ቀጥቃጭ በመንደር ውስጥ በነበረው ቦታ ላይ ነው። ማረሻ የሚሳለው፣ ማጭድ የሚጠገነው፣ ለፈረስ የኮቴ ብረት የሚመታው፣ የበርና የሠረገላ ብረታ ብረት የሚሠራው በእርሱ እጅ ነበር፤ ስለዚህ ቀጥቃጭ የሌለው ሰፊ መንደር አይገኝም። ነገር ግን አስፈላጊነቱ ብቻውን አይበቃም፤ አራሽም አስፈላጊ ነበር። ስም የሚለይ መሆን አለበት። ነዋሪው ሁሉ አራሽ በሆነበት መንደር «አራሹ ዣን» ቢባል ማንን እንደሚያመለክት አይታወቅም፤ «ቀጥቃጩ ዣን» ከተባለ ግን ሰውየው አንድ ብቻ ነው። ወፍጮ ቤት ይዞ የሚያስፈጨው «መኒዬ» እና የመንደሩን የጋራ ምድጃ የሚጠብቀው «ፉርኒዬ» ዛሬ በፈረንሳይ ከበዙት የቤተሰብ ስሞች መካከል የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እስከ 11ኛው መቶ ዘመን አካባቢ አብዛኛው ሰው የሚጠራው በጥምቀት ስሙ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የሕዝቡ ቍጥር እየጨመረ፣ የጥምቀት ስሞች ደግሞ በዣን፣ በፒየርና በጊዮም ላይ እየተከማቹ ሲሄዱ ሁለተኛ መጠሪያ የግድ ሆነ። ይህ መጠሪያ በመጀመሪያ የሰውየው ብቻ ነበር እንጂ ወደ ልጁ አይተላለፍም ነበር፤ የቀጥቃጩ ልጅ ወፍጮ ቢይዝ በወፍጮው ይጠራል። በ1292 የተዘጋጀው የፓሪስ ግብር ከፋዮች መዝገብ ሰዎችን ከነሥራቸው ሲዘረዝር፣ የተጻፈው የሰውየው ሥራ ይሁን ስሙ ለመለየት የሚያስቸግርባቸው ቦታዎች አሉት። በ13ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን መካከል ግን መጠሪያው ከአባት ወደ ልጅ መውረድ ጀመረ፤ ስሙም ከሥራው ተለየ። በ1455 አካባቢ በሰሜኑ የባሕር ዳርቻ በኤታፕል የተወለደው ዣክ ሌፌቭር ካህንና ሊቅ እንጂ ቀጥቃጭ አልነበረም፤ አዲስ ኪዳንን በ1523፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1530 በፈረንሳይኛ ያሳተመው እርሱ ነው። በላቲን ሲጽፍ ስሙን «ፋበር ስታፑሌንሲስ» ያደርገው ስለነበር፣ የስሙ ትርጉም በዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ ገና እንዳልተረሳ እንረዳለን።

ስሙን በወረቀት ላይ ያጸኑት መዝገቦች ናቸው። ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ በነሐሴ 1539 በቪሌር-ኮትሬ ያወጣው ድንጋጌ የፍርድ ሰነዶች በፈረንሳይኛ እንዲጻፉ ከማዘዙም በላይ ቄሶች የጥምቀት መዝገብ እንዲይዙ አስገደደ። በ1667 መዝገቡ በሁለት ቅጂ እንዲዘጋጅ ታዘዘ፤ በመስከረም 1792 የፈረንሳይ አብዮተኞች የክብር መዝገብን፣ ማለትም የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወስደው ለማዘጋጃ ቤት ሰጡ። ከሁሉ የከበደው ግን በነሐሴ 1794 የወጣው ሕግ ነው፤ ማንም ዜጋ በልደት ሰነዱ ላይ ከሰፈረው ሌላ ስም እንዳይዝ የሚከለክል ሲሆን፣ ዛሬም አልተሻረም። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊው አንድ ቀን ያሰፈረው አጻጻፍ የትውልድ ዕዳ ሆነ፤ የአንድ አባት ልጆች ሆነው አንዱ «ብ» ያለበትን፣ ሌላው የሌለበትን ስም ለልጅ ልጆቻቸው ያወረሱ አሉ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሰሜኑ መልክ ብቻ ነው። ያው የላቲን ቃል በደቡብ፣ ኦክሲታን በሚነገርበት አገር፣ ሌላ መንገድ ሄዷል። በላንግዶክና በፕሮቫንስ «ፋብር» ሆኖ «ብ»ን ጠብቆ ቀረ፤ በሊሙዛንና በዶፊኔ በኩል «ፎር» ሆነ፤ በሳቮዋና በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ስዊዘርላንድ ደግሞ «ፋቭር» ይባላል። በደቡብ «ሌ» የሚለው መስተአምር እንደ ሰሜኑ ከስሙ ጋር አለመጣበቁም የሚታይ ልዩነት ነው። በአቬሮን የተወለደው የነፍሳት ተመራማሪው ዣን-አንሪ ፋብር፣ ከ1895 እስከ 1899 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የነበረው ፌሊክስ ፎር፣ በፓሚዬ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ጋብርኤል ፎሬ፣ በሳቮዋ የተወለደውና ከመጀመሪያዎቹ ኢየሱሳውያን አንዱ የሆነው ፒየር ፋቭር ሁሉም በስማቸው ቀጥቃጮች ናቸው። ከላቲን ባልወጡ ቋንቋዎችም ሥራው ስም ከመሆን አልተቈጠበም፤ የብሬታኝ «ሌ ጎፍ» እና የአልዛስ «ሽሚት» ትርጉማቸው ያው ነው። በፈረንሳይ እጅግ ከበዙት 100 የቤተሰብ ስሞች ውስጥ «ብ» ያለበት ሌፌቭር፣ «ብ» የሌለበት ሌፌቭር፣ ፎር፣ ፋብርና ሽሚት አምስቱም አሉ። እነዚህ በአንድ ላይ ቢደመሩ ኖሮ የማርተን ቀዳሚነት አስተማማኝ ባልሆነ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለ ስርጭቱ ዋናው ምንጭ ብሔራዊው የስታቲስቲክስ ተቋም ኢንሴ ያዘጋጀው የስሞች ፋይል ነው። ፋይሉ በሕይወት ያሉትን ሰዎች አይቈጥርም፤ ከ1891 እስከ 1990 በፈረንሳይ የተወለዱትን በ25 ዓመት እየከፈለ በየዴፓርትማው (በየአስተዳደር ክፍሉ) ያስቀምጣል። በዚህ መለኪያ «ብ» ያለበት ሌፌቭር የሰሜን ሰው ነው፤ ኖር፣ ፓ-ደ-ካሌ፣ ሶምና ሴን-ማሪቲም፣ ማለትም የድሮዎቹ ፍላንደርስ፣ አርቷ፣ ፒካርዲና ኖርማንዲ መኖሪያዎቹ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን የሊል፣ የሩቤና የቱርኳን የሽመና ፋብሪካዎችና የአካባቢው የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች ሕዝቡን በዚያው ስላሰባሰቡት ስሙ በትውልድ አገሩ እንደ በዛ ቀረ። ፓሪስም ከየአቅጣጫው ሰው ስለምትሰበስብ ብዙ ሌፌቭሮች አሏት። ስመ ጥር የሆኑትን ብንወስድ እንኳ ይኸው ይታያል፦ የፈረንሳይ አብዮት ታሪክ ጸሐፊው ዦርዥ ሌፌቭር የሊል፣ በ1988 ከሮም ጋር የተቈራረጠው ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ሌፌቭር የቱርኳን፣ የፊልም ተዋናዩ ዣን ሌፌቭር የቫለንሲየን ልጆች ናቸው፤ ሦስቱም ከተሞች በኖር ዴፓርትማ ውስጥ ናቸው። ፈላስፋው አንሪ ሌፌቭር ግን በደቡብ ምዕራብ ጫፍ በአዤትሞ ተወለደ፤ ናፖሊዮን የዳንዚግ መስፍን ያደረገው ማርሻል ፍራንሷ ዦዜፍ ሌፌቭርም የአልዛስ ሰው ነው።

የስሙ መብዛት የዘር መብዛት አይደለም። በመቶዎች የሚቈጠሩ መንደሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቀጥቃጭ ስለሰየሙ፣ በአሚየን ያለው ሌፌቭር በሩዋን ካለው ጋር የሚያዛምደው የሥራ ስም እንጂ ደም አይደለም። ስለዚህ በኢንተርኔት «የሌፌቭር ቤተሰብ ዓርማ» እያሉ የሚሸጡትን ነጋዴዎች በትዕግሥት ማየት ይከብደኛል። ሉዊ 14ኛ በ1696 ለጦርነት ገንዘብ ሲፈልግ ዓርማ ያለው ሁሉ ከፍሎ እንዲያስመዘግብ ባዘዘ ጊዜ ከ100,000 በላይ ዓርማዎች ተመዝግበዋል፤ ብዙዎቹም የተራ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። በዚያ መዝገብ ያሉት ሌፌቭሮች ዓርማቸው የተለያየ ነው። ዝምድናን የሚያረጋግጠው ከማዘጋጃ ቤት ሰነድ ተነሥቶ በአጥቢያ መዝገብ ወደ ኋላ መሄድ ብቻ ነው፤ ይህም በፓሪስ አዳጋች ነው፤ የከተማዋ የክብር መዝገብ ሁለቱም ቅጂዎች በግንቦት 1871፣ ኮሚዩን በተባለው የፓሪስ ዓመፅ ግርግር፣ ተቃጥለው የተተካው አንድ ሦስተኛው ያህል ብቻ ነውና።

ስሙ ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ ደግሞ እንደ ገና ተለወጠ። በኒው ዮርክ አካባቢ በ1678 ኒው ፖልትስን ከመሠረቱት ፕሮቴስታንት ስደተኞች መካከል ሁለቱ የሌፌቭር ወንድማማቾች ነበሩ። በካናዳ፣ በኬቤክ፣ ስሙ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ቤተሰቦች ቅጽል እየጨመሩ «ሌፌቭር፣ ቪልሙር የሚባለው» እያሉ ይለዩት ነበር፤ ኋላም አንዳንዶቹ ቅጽሉን ይዘው ዋናውን ስም ተዉት። ወደ ኒው ኢንግላንድ የወረዱት ደግሞ ስማቸው ባቄላ ማለት ከሆነው «ፌቭ» ጋር እየተምታታ «ቢን» የተባሉ አሉ፤ ቀጥቃጭነቱ በእንግሊዝኛ ወደ ባቄላነት ተተረጐመ። ወደ እኛ አገር ከመጡትም አንዱ የባሕር ኃይል መኰንኑ ቴዎፊል ሌፌቭር ነው፤ ከ1839 እስከ 1843 በኢትዮጵያ ተጕዞ ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ አሳትሟል።

የአባት ስም ብቻ ይተላለፍ የነበረበት ደንብ በፈረንሳይ ከ2005 ወዲህ ላልቷል። ወላጆች የአባትን፣ የእናትን ወይም የሁለቱንም ስም መስጠት ይችላሉ፤ ከሐምሌ 2022 ጀምሮም ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ በማዘጋጃ ቤት ማመልከቻ ወደ እናቱ ስም መዞር ይችላል። ወላጆች ሳይስማሙ ቀርተው ይህንኑ ቢያስታውቁ ሕፃኑ ሁለቱንም ስሞች በላቲን ፊደል ተራ ይይዛል። ስለዚህ ሌፌቭር ከበርናር ጋር ቢጋጭ ሁለተኛ፣ ከማርተን ጋር ቢጋጭ ደግሞ አንደኛ ሆኖ ይጻፋል።