«ተሳትፎ 10%» የሚለውን ነጥብ ማን ይስጥ?

ኮርስ አውትላይን ላይ «ተሳትፎ 10%» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ነጥቡ ሲሞላ ነው። መምህሩ የሚያስታውሰው ፊት ተቀምጠው እጅ የሚያወጡትን አምስት ስድስት ተማሪዎች ነው፤ ሌላው ሁሉ 7 ተሰጥቶት ያልፋል። በቡድን ውይይት ማን አንብቦ እንደመጣ፣ ማን ስልኩን ሲነካካ እንደቆየ የሚያውቁት አብረው የተቀመጡት ናቸው። ነጥቡንም እነሱ ቢሰጡ ይሻላል።

ይሁንና «ጓደኛህን ከ10 ስጠው» ብቻ ከተባለ ሁሉም 10 ያገኛል፤ ማን ጓደኛውን ይጥላል? ስለዚህ የሚከፋፈለው ነጥብ የተወሰነ ይሁን። አራት አባላት ባሉት ቡድን እያንዳንዱ 30 ነጥብ ይይዝና ለሦስቱ ያካፍላል፤ ለራሱ አይሰጥም። ለአንዱ ለመጨመር ከሌላው መቀነስ ግድ ይለዋል። ሁሉም እኩል ከሠሩ ለእያንዳንዱ 30 ይደርሰዋል። የደረሰው ነጥብ ለ30 ሲካፈል ማባዣው፣ ማለትም የቡድኑ ውጤት ለእሱ የሚባዛበት ቁጥር፣ ይገኛል፦ 36 የደረሰው 1.2፤ 21 የደረሰው 0.7። የቡድኑ ሥራ ከ20 15 ቢያገኝ አንዱ 18፣ ሌላው 10.5 ይወስዳል። ይሄ ይበዛል ባይ ነኝ። ግማሹን፣ 7.5ቱን፣ ለሁሉም እኩል ሰጥቶ የቀረውን ብቻ ማባዛት ይሻላል፤ ያኔ 16.5 እና 12.75 ይሆናል።

አሁንም 10፣ 10፣ 10 ብለው የሚያስረክቡ አይጠፉም። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ማስረጃ ይጠየቁ። «ጎበዝ ነው» አይበቃም። «ሐሙስ ዕለት ሁላችንም የዘለልነውን ሁለተኛ ጥያቄ እሱ መልሶ አመጣው» የሚለው ግን ይበቃል።

መስፈርቱ በዓይን የሚታይ ነገር ይሁን፦ ንባቡን ጨርሶ መጣ፣ ጥያቄ አነሳ፣ የሌላውን ሐሳብ ይዞ ቀጠለ ወይም በምክንያት ተቃወመ። ሦስት በቂ ነው። ፋልቺኮቭና ጎልድፊንች የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 48 ጥናቶችን አነጻጽረው እንዳሳዩት፣ የተማሪዎች ነጥብ ከመምህሩ ጋር የሚቀራረበው ብዙ ዝርዝሮችን ለየብቻ ሲያርሙ ሳይሆን በደንብ የገባቸውን መስፈርት ይዘው አጠቃላይ ዳኝነት ሲሰጡ ነው። «ብዙ ተናገረ» የሚል መስፈርት ከገባ ግን ለፍላፊው ያሸንፋል፤ ዝምተኛው በወረቀት ያቀረበው ጥያቄም ይቆጠርለት።

የመጀመሪያው ዙር የማይያዝ ልምምድ ይሁን። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ይደገም። በሴሚስተሩ መጨረሻ አንዴ ብቻ የሚሞላ ቅጽ ሰነፉን ይቀጣው ይሆናል እንጂ አያነቃውም፤ የሚያስተካክልበት ጊዜ አልፏልና። ተማሪው ድምሩንና አስተያየቶቹን ያያል፣ ማን እንደሰጠው አያይም። ሦስት ሰው ባለበት ቡድን ይሄ አይሠራም፣ ወዲያው ይተዋወቃሉ።

ለአንድ ተማሪ ሁለቱ 12 ሰጥተውት ሦስተኛው 2 ከሰጠው፣ ማባዣው ከመሰላቱ በፊት ማስረጃው ይነበብ። ጠብ ከሆነ ያ ነጥብ ይወጣና ድርሻው በቀሩት ሁለቱ አማካይ ይሰላል።