«አክተሩ አያወራም»

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአደባባዩ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሲገባ ኳስ የሚታይበት የቆርቆሮ አዳራሽ አለ። ሊግ በማይኖርበት ሳምንት አግዳሚው ባዶውን እንዳያድር ባለቤቱ ፊልም ያሳያሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ዘ ባትማን» ያሳዩበት ቅዳሜ ግን አዳራሹ ጢም ብሎ ተጀምሮ፣ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ግማሹ ተመልካች በር ላይ ቆሞ ገንዘቡን ይጠይቅ ነበር።

ትኬት የሚቆርጠው ልጅ ገንዘብ የተመለሰላቸውን እንዲመዘግብ ታዞ፣ እግረ መንገዱን የሚሉትንም ጻፈ። ጥሩ አደረገ፤ ከዚያ ምሽት የተረፈ ጠቃሚ ነገር ቢኖር ያ ወረቀት ነው። «ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም»፤ «አክተሩ አያወራም፣ ሲያወራም ያንሾካሹካል»፤ «ማን ከማን እንደሚጣላ አይለይም»፤ «የድሮው ይሻላል፣ ይሄ ልጅ ባትማን አይሆንም»፤ «ሲበዛ ረዘመ»።

ሰኞ ዕለት የአዳራሹን ዕቃ የሚጠግነው ቴክኒሻን ተጠራ። ባለቤቱ ፍርዳቸውን ጨርሰው ነበር የጠበቁት።

«ፊልሙ ነው የማይረባው ልጄ። ደግሞ ማታ ማታ መብራቱ ይወርዳል፣ ስታብላይዘር ግዛ ብለውኛል።»

«ጋሼ፣ ስታብላይዘሩ ይቆይዎት። ፕሮጀክተሩ ከጀርባው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ መብራት ቢወርድም ስዕሉ አይጨልምም። ይልቅ ሰዉ ባየበት ዕቃ እኛም እንየው።»

እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲመጣ መጀመሪያ መለየት ያለበት የትኛው ስለ ፊልሙ፣ የትኛው ስለ ዕቃው እንደሆነ ነው። ይህ ፊልም ደግሞ ሆን ተብሎ የጨለመ ነው። ዳይሬክተሩ ማት ሪቭስ፣ የካሜራው ባለሙያ ግሬግ ፍሬዘር ናቸው። በዲጂታል ካሜራ ተቀርጾ፣ ወደ ፊልም ጥቅል ታትሞ፣ እንደገና ወደ ዲጂታል ተገልብጧል፤ ጥላው ያ ሸካራ፣ ወፍራም መልክ ያለው ለዚህ ነው። ታሪኩ በአብዛኛው ማታና ዝናብ ውስጥ ነው። የሮበርት ፓቲንሰን ፊት ግማሹ ከጭንብል ስር ነው፤ የሚቀረው አገጩና በጥቁር ቀለም የተከበቡት ዓይኖቹ ናቸው። ትወናው ያለው እዚያው ነው። ሬሳው ያለበት ክፍል በፖሊሶች መሃል ሲገባ አንገቱን ሳያዞር ዓይኑ ብቻ ይዞራል። የተገደለውን ከንቲባ ትንሽ ልጅ ሲያይ ቀረት ብሎ ይቆማል፣ አንዲት ቃል አይወጣውም። የጥላውን ዝርዝር የሚበላ ፕሮጀክተር የዋናውን ተዋናይ ሥራ በላ ማለት ነው። ሰዉ «አክተሩ ምንም አይሠራም» ያለው በሐሰት አይደለም፤ ያላየውን አላየሁም ነው ያለው።

ቴክኒሻኑ ከሜኑው ጀመረ። የላምፑ ሰዓት ከ4,000 በላይ ሆኗል። እንዲህ ያለ ላምፕ ዕድሜውን ጨረሰ የሚባለው ተቃጥሎ ሲጠፋ አይደለም፣ ብርሃኑ ወደ ግማሽ ሲወርድ ነው። ማጣሪያው ላይ የተከማቸው አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ወፍሯል፤ በዚያ ሰፈር ግንባታ መቼም አያልቅም። ማጣሪያው ሲደፈን ዕቃው ይሞቃል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ የላምፑም ዕድሜ ያጥራል።

ከዚያ የሸራው ስፋት። ኳስ ትልቅ ሆኖ እንዲታይ ብለው ስዕሉን 4 ሜትር አስፍተውታል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ፕሮጀክተሩ ሲሸጥ 3,000 ሉመን (የሚያወጣው ብርሃን መለኪያ) ቢባልም በሲኒማ ሞድ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ላምፑ ሲያረጅ ደግሞ የግማሹ ግማሽ፣ 750 ያህል ይቀራል። 4 ሜትር በ2.25 ሜትር 9 ካሬ ነው። ያ ብርሃን 9 ካሬ ላይ ሲበተን ከሸራው ወደ ዓይን የሚመለሰው በካሬ ሜትር ወደ 26 ካንዴላ (የድምቀት መለኪያ) ግድም ነው፤ የሲኒማ ቤት ልክ 48 ነው። ስዕሉ ወደ 3 ሜትር ቢጠብ ስፋቱ 5 ካሬ ይሆንና ያው አሮጌ ላምፕ 47 ካንዴላ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነጭ ሸራ ሲኖር ነው። አዳራሹ የሰቀለው አቡጀዲ ከጀርባው ባዶ ስለሆነ ብርሃኑ አልፎት ይሄዳል፤ ከኋላው ቢዞሩ ፊልሙን ተገልብጦ ማየት ይቻላል። አቡጀዲው ወርዶ፣ የማያንጸባርቅ ነጭ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ግድግዳው ላይ ተመታ፣ ዙሪያውም በጥቁር ጨርቅ ተከፈፈ። በሩ አጠገብ ያለው የሻይ ማፍያው አምፖል ወደ ውጭ ዞረ። ጨለማ ፊልም ላይ ጥቁሩን የሚወስነው አዳራሹ ውስጥ የሚያፈሰው ብርሃን ነው፤ ፕሮጀክተሩ ጥቁር መሥራት አይችልም፣ ማብራት እንጂ።

ትልቁ ጥፋት ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። ስዕሉ ከላፕቶፕ የሚመጣው ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ባለው ሙሉ ደረጃ ነው፤ ፕሮጀክተሩ ደግሞ ሊሚትድ የሚባለውን፣ ከ16 እስከ 235 ያለውን ደረጃ እንዲጠብቅ ተደርጓል። ይህ ለዲሽ ዲኮደር ትክክል ነው፤ ኳሱም እስከ ዛሬ ያለ ችግር ታይቷል። ላፕቶፕ ሲሰካ ግን ከ16 በታች ያለው ሁሉ አንድ ወጥ ጥቁር ይሆናል። አረንጓዴ ሜዳ ላይ ማንም አያስተውለውም። ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው በጥቁር ኮሪደር ሲሄድ ግን ሰውየው ከነካባው ይጠፋል። ፕሮጀክተሩ ሜኑ ውስጥ ኤችዲኤምአይ ሬንጅ የሚለውን ወደ ፉል መለወጥ በቃ። ኦቶ የሚለውን ማመን አይገባም፣ አንዳንዱ ዕቃ ይሳሳታል።

ቅዳሜ ማታ ሰዉ ሲጮህ ልጁ ያደረገው ሙከራም ነገሩን አባብሶታል። ሪሞቱን አንስቶ ብራይትነስን እስከ ጫፍ ገፋው። ይህ ቁልፍ ስሙ ያሳስታል እንጂ ብርሃን አይጨምርም፤ ጥቁሩን ከፍ አድርጎ አመድ ያደርገዋል። የጠፋው ዝርዝር አይመለስም፤ ጨለማው ጭጋግ ሆነ እንጂ። ትክክለኛው አካሄድ ወደ ጥቁር የሚጠጉ ተከታታይ ግራጫ መስመሮች ያሉበትን የሙከራ ምስል ከፍቶ፣ ከጥቁር ቀጥሎ ያለው መስመር ገና ብቅ ሲል ማቆም ነው። ምስሉ ከሌለ ባቡር ጣቢያው ትዕይንት ላይ ማቆም ይበቃል። ፊታቸውን የቀቡት ጎረምሶች አንድ ሰው ሊደበድቡ ሲሉ ከጨለማው መጀመሪያ የሚመጣው የእግር ኮቴ ነው፣ ሰውየው በኋላ ነው የሚወጣው። ኮቴው ተሰምቶ ሰውየው ገና ሳይታይ ሳለ ጨለማው ጨለማ ካልሆነ ብራይትነሱ በዝቷል፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ የካባው ጠርዝ ከግድግዳው ካልተለየ አንሷል። የፋይሉ ዓይነትም ይታይ፤ ለኤችዲአር (ሰፊ የብርሃን ልዩነት ለሚያሳይ) ቴሌቪዥን የተዘጋጀ ፋይል በተራ ፕሮጀክተር ሲከፈት ቀለሙ ይገረጣል።

ድምፁ ሌላ ጉድ ነበር። ፋይሉ ባለ 5.1 ነው፣ ማለትም ድምፁ ለስድስት ስፒከር የተከፋፈለ ነው፤ ንግግሩ በአብዛኛው የሚመጣው በመሃለኛው ቻናል ነው። አዳራሹ ያለው ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ብቻ። ላፕቶፑ ግን ድምፅ ቅንብሩ ላይ ባለ 5.1 ስፒከር ተብሎ ተመርጦ ስለነበር መሃለኛውን ወደሌለ ስፒከር ይልከዋል። ለተመልካቹ የደረሰው የማይክል ጃኪኖ ሙዚቃና ተኩስ፣ ከዚያ ስር እንደ ጎረቤት ወሬ የሚያንሾካሹክ ድምፅ ነው። ቮልዩም ሲጨመር ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ እንጂ ንግግሩ አልመጣም። ቅንብሩ ወደ ስቴሪዮ ሲለወጥ ላፕቶፑ ራሱ መሃለኛውን ለሁለት ያካፍለዋል። አምፕሊፋየሩ ላይ ቤዙን ትንሽ ማውረድ፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ያለውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ቃላቱን ያጠራል። ፓቲንሰን ከዚያም በኋላ ዝግ ብሎ ነው የሚያወራው፤ እሱ ምርጫው ነው። ክርስቲያን ቤል በ2008ቱ «ዘ ዳርክ ናይት» ጭንብሉን ሲያደርግ ጉሮሮውን ያሻክር ነበር፣ ይሄኛው ድምፁን ይቀብራል።

ለሁለተኛው ማሳያ ገንዘባቸው የተመለሰላቸው በነፃ ገቡ። አስተያየቱ ሙሉ በሙሉ አልተገለበጠም፤ እንዲገለበጥም አይጠበቅም። ግን ሰዉ አሁን ስለ ተዋናዮቹ መከራከር ጀመረ። ፔንግዊንን የተጫወተው ኮሊን ፋረል ነው ሲባል ያመነ አልነበረም፤ በሜካፕ ተለውጦ የገዛ ድምፁ እንኳ አይለይም፣ ሁለት ወጣቶች ሻይ ተወራርደውበታል። የዞዊ ክራቪትዝ ሴሊና (ካትዉማን) ብዙ ሰው አስደሰተች፤ ባትማን ድንጋይ በሆነበት ቦታ ሁሉ ሙቀቱን የምታመጣው እሷ ናት። ገዳዩን ሪድለርን ስለተጫወተው ፖል ዳኖ የተባለው ጥቂት ነው፤ ፊቱ የሚታየው ዘግይቶ ስለሆነ ይመስላል።

የድሮው ይሻላል ያሉት ግን አቋማቸውን አልለቀቁም። ሙግታቸው በእውነት በ«ዘ ዳርክ ናይት» ስላለው የሂዝ ሌጀር ጆከር ነው፤ ሌጀር ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት በጥር 2008 እ.ኤ.አ. ሞቶ፣ ኦስካሩ በማግስቱ ዓመት ለቤተሰቡ ነው የተሰጠው። አንዱን ፊልም በባለጋራው፣ ሌላውን በዋናው ሰው ማወዳደር ሚዛኑን ያዛባል። «ሀብታም አይመስልም» የሚለው ቅሬታ ይበልጥ ዋጋ አለው። ይህ ብሩስ ዌይን ባትማን ከሆነ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ድግስ የሚደግስ ባለጸጋ ሆኖ ለመታየት ግድ የለውም፣ ፀጉሩ ፊቱ ላይ ወድቆ ነው የሚውለው። ያንን የቀን ጭንብል የሚወድ ተመልካች እዚህ ላይ ቢከፋው ልክ ነው።

ርዝመቱን ቴክኒሻኑም አልተከራከረም፣ 176 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ተጀምሮ ስለነበር ያለ እረፍት እንኳ 4 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው የሚያልቀው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ሰው ያን ሰዓት ታክሲ አይጠብቅም፤ በ3 ሰዓት ተኩል ይነሳል። የሚያመልጠው ደግሞ ፊልሙን የሚፈርደው ክፍል ነው። እስከዚያ በቀል ነኝ ሲል የቆየው ሰው በጎርፍ በተሞላው አዳራሽ ቀይ ችቦ ይዞ ሰዎችን መርቶ ያወጣል፤ የፓቲንሰን ዝምታ መልክ የሚያገኘው እዚያ ነው። ቀድሞ የወጣ ሰው ያየው የሚማታ ዝምተኛ ብቻ ነው።

11 ሰዓት ተኩል ይጀመር የሚል ሐሳብ ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን በቆርቆሮው ቀዳዳ ሁሉ ብርሃን ይገባል። 12 ሰዓት ተኩል ተስማሙ፤ ከፔንግዊኑ የመኪና ማሳደድ በኋላ፣ አጋማሹ አካባቢ የ10 ደቂቃ የሻይ እረፍት፣ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ሁሉም ውጭ ነው።

«ኳሱስ ልጄ? ሜዳው ቢጠቁርብኝ ሰዉ ይበላኛል።»

«አይጠቁርም ጋሼ፣ ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጬልዎታለሁ።»

ዲሽ ሲሰካ ሬንጁ ሊሚትድ፣ ሞዱ ዳይናሚክ፤ ላፕቶፕ ሲሰካ ፉል እና ሲኒማ። ፕሮጀክተሩ ጎን በፕላስተር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ይኸው ተጽፏል፣ ከስሩ ደግሞ በቀይ እስክርቢቶ «ብራይትነስ አይነካም»።