አንዱን አትሞ ሌላውን የሚያበላሸው ፕሪንተር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ማር አሽጎ የሚሸጥ ትንሽ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ኅዳር ሲገባ ማሩ ከየገጠሩ ይጎርፋል። ፋታ የለም። እናጣራለን፣ ጠርሙስ እንሞላለን፣ ሌብል እንለጥፋለን። የታሸገበትን ቀንና ባርኮዱን የሚያትምልን ሌብል ፕሪንተር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ጭነት ነበረን። የሌብሉ ሮል አለቀና አዲስ ጫንኩ። የመጀመሪያው ሌብል ላይ ባርኮዱ ከወገቡ ተቆርጦ ወጣ። የቀረው ግማሽ ቀጣዩ ሌብል አናት ላይ ታተመ። መኪናው በር ላይ ቆሟል። ቸኩዬ የማስተላለፊያውን ቁልፍ ደጋግሜ ስጫን ጭራሽ ወረቀት ነከሰ።

ክዳኑን ከፈትኩት። አንድ ሌብል ተልጦ የጎማው ሮለር ላይ ተጠምጥሟል። ከአሻጊዎቹ አንዷ ቢላ አቀበለችኝ።

«ተው ልጄ!» አሉ የመጋዘኑ ጋሼ። «ጎማውን ከቆረጥከው ወረቀቱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አያልፍልህም።»

ሮለሩን በጣቴ እያዞርኩ ቀስ ብዬ ላጥኩት። የቀረውን ሙጫ አልኮል በነካ ጨርቅ ጠረግኩ። የማተሚያው ራስ ትኩስ ስለነበር እሱን እስኪበርድ ጠብቄ ጠረግኩት።

«ለመሆኑ ወረቀቱን ለክተኸዋል?» አሉኝ ጋሼ፣ ማስመሪያ እያቀበሉኝ።

አልለካሁም ነበር። የድሮው ሌብል ቁመት 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ አዲሱ 30። ኮምፒውተሩ ግን አሁንም በ40 ያዛል። የተረፈው 10 ሚሊ ሜትር ቀጣዩ ላይ ይፈሳል፤ ያ ሌብልም ይባክናል። መጠኑን 30 ብዬ አስተካከልኩና ባርኮዱን በልኩ አሳነስኩት።

አብዛኛው ተስተካከለ። ግን አልፎ አልፎ ባዶ ሌብል ይዘል ነበር። ሴንሰሩን ጎንበስ ብዬ በስልክ መብራት አየሁት። የማር አሻራ! አቧራ ይዞ ጠቁሯል። ይህ ሴንሰር በሁለት ሌብሎች መካከል ያለችውን ክፍተት የሚያውቀው በሚያልፈው ብርሃን ነው። ክፍተቱ ላይ ሥሥ ወረቀት ብቻ ስላለ ብርሃኑ በደንብ ያልፋል። ሴንሰሩ ከቆሸሸ ሌብሉ የት እንዳለቀ አያውቅም። ጠረግኩትና ካሊብሬት አደረግኩት፤ ማለትም የአዲሱን ወረቀት ክፍተት እንዲለይ እንደገና አስተካከልኩት። አዲስ ዓይነት ወረቀት በተጫነ ቁጥር ይህ መደረግ አለበት፤ የወረቀቱ ውፍረት ይለያያላ። የግራና የቀኝ መያዣውንም ወረቀቱን ሳያጣብቅ ጠርዙን እንዲነካ አስጠጋሁት። ላላ ካለ ወረቀቱ ይንጋደድና ተመልሶ ይነክሳል።

ጽሑፉ ትንሽ ደብዝዞ ነበር። ፕሪንተሩ የሚያትመው በሙቀት ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሙቀቱን እስከ ጥግ ይጨምራል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ፍጥነቱን ቀንሱ። ሙቀት ሲበዛ የባርኮዱ መስመሮች ይወፍራሉ፣ ስካነር ማንበብ ያቅተዋል፤ የማተሚያው ራስም ቶሎ ይጎዳል። እኔ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ሳደርገው ጥርት ብሎ ወጣ።

ጭነቱ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ጋሼ ደግሞ መጋዘን ያሉትን ሮሎች አንድ በአንድ ለክተው፣ ልካቸውን በእስክሪብቶ ካርቶናቸው ላይ ጻፉበት። ፕሪንተሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ጆግና ፎጣ አስቀምጠናል።