ሁሉም ጫካ አይደለም

ሐዋሳ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። በቀደም ተማሪዎቼን ሐይቁ ዳር ስላለው ባለ ዛፍ መናፈሻ፣ ስለ አሞራ ገደል፣ አንድ አንቀጽ ጻፉ አልኳቸው። ግማሾቹ «ጫካ» አሉት፣ ግማሾቹ «ደን»። አማርኛችን እኮ ዛፍ ለበዛበት ቦታ ስም አያንሰውም።

«ደን» ደህና ቃል ነው፤ ግን ቢሮ ቢሮ ይሸታል፤ የደን ልማት፣ የደን ሽፋን። «ጫካ ገባ» ሲባል ደግሞ ወሬው የጠመንጃ ነው። «ዱር» የአውሬው ነው፣ ዱር ቤቴ ብሎ የወጣው አርበኛም ነው። «ጥሻ» እሾሁ ልብስ የሚይዝ፣ ጅብ የሚተኛበት።

እኔ አብዝቼ የምወደው «አጸድ»ን ነው። ሰሌዳው ላይ ስጽፈው አንዷ «ቲቸር፣ አጸደ ሕፃናት አይደል እንዴ?» አለችኝ። ልክ ናት፣ ቃሉ አንድ ነው። በግዕዝ የታጠረ ቦታ፣ ግቢ ማለት ነው። አጸደ ወይን ስንልም የወይኑን ቦታ ማለታችን ነው። በአማርኛ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑን የከበቡት ዛፎች አጸድ ተባሉ። ጎንደርና ጎጃም የሄደ ሰው አይቶታል። ማሳው ሁሉ ገላጣ ነው፤ መሀሉ ላይ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ክብ አለ። ጥዱ፣ ወይራውና ዝግባው ሌላው ቦታ አልቆ እዚያ የተረፈው፣ የታቦቱ ነው ተብሎ መጥረቢያ ስለማይደፍረው ነው። ቃሉን የምወደው ለዚህ ነው። አጸድ ሲባል ዛፉም አለ፣ ዛፉን የሚጠብቀውም አለ።

ታዲያ አሞራ ገደልን አጸድ ማለት ይቻላል? ቤተ ክርስቲያን የሌለበትን አይባልም የሚሉ አሉ። እኔ ግን ይቻላል ባይ ነኝ። አንዱ ተማሪዬ «ጉሬዛው ነጭ ጭራውን ቁልቁል ለቆ ከአጸዱ አናት ላይ ያየናል» ብሎ ጻፈ። ከታች አሳ የሚበላው ሰው፣ ትርፍራፊ የሚጠብቀው ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ፣ ከላይ ጉሬዛው፤ ሁሉም በአንድ ጥላ ሥር። «ጫካ» ብሎት ቢሆን ይሄ ሁሉ አይታየኝም ነበር። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

ወንዶ ገነት ተራራው ላይ ያለውን ግን ደን እለዋለሁ። ሰፊ ነው፣ አጥር የለውም። ለምሰሶ የተተከለውን ባሕር ዛፍማ የፈለገውን ያህል ቢያምር አጸድ አልለውም፤ ሲደርስ ይቆረጣላ።