ታኅሣሥ እና የማይደርቀው ገንዳ

ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። እኔ ደግሞ ከ13ቱ ወር ሁሉ መርጬ የዓሣ ገንዳ ለመሥራት የተነሳሁት በዚህ ወር ነው።

ርዝመቱ 180፣ ወርዱም ቁመቱም 60 ሴንቲ። ይህን የሚያህል ነገር በሙሉ በመስታወት ላሠራው ብል ኪሴ አይችልም። ስለዚህ 18 ሚሊ ፕላይውድ ገዛሁ። ፊቱ ብቻ 12 ሚሊ መስታወት ይሆናል። ፕላይውድ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ሽፋን በሽፋኑ ይላቀቃል። ለዚህ ነው ውስጡ ኢፖክሲ፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚደርቅ ውሃ የማያሳልፍ ቅብ፣ የሚቀባው። ሲያወሩት ቀላል ነው።

መጀመሪያ የፈራሁት ክብደቱን ነበር። እስከ 55 ሴንቲ ስሞላው 594 ሊትር ይሆናል፤ 6 ኩንታል ገብስ አንድ ጥግ ላይ እንደ መከመር ማለት ነው። የፊቱን ግድግዳ ብቻ ውሃው 270 ኪሎ በሚሆን ጉልበት ይገፋዋል። ጎረቤታችን ያሉት አናጢ መጥተው ዞር ዞር ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ዓሣ ነው ወይስ ጉማሬ ልታረባ?»

«ዓሣ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያውስ ከላይ ዙሪያውን እሰረው። አለዚያ ሆዱ ይነፋል።»

አሰርኩት። ኮላና ብሎን ሳልሰስት መታሁት፣ ማስቀመጫውን በውሃ ልክ አስተካከልኩ። ክብደቱ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ ብርዱ ነው። የመጀመሪያውን ኢፖክሲ ጠዋት፣ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ቀባሁ። እንጨቱ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ተስፋፍቶ ወጣና ቅቡን እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን አደረገው። ማታ ውርጩ መጣ። በ3ኛው ቀን በጣቴ ስነካው አሁንም ይጣበቃል። ሻጩን በልቤ ረገምኩት፤ የተጭበረበርኩ መሰለኝ። ማጠንከሪያውን ጨምሬ ልቀባም አሰብኩ። ደግነቱ ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ልኬቱ ካለፈ ትርፉ ማጠንከሪያ ሳይዋሃድ ይቀርና ቅቡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ደግሞም ከ10 ዲግሪ በታች አትቀቡ ይላል። ሰውዬው ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ በታኅሣሥ የተነሳሁት።

ወደ ቤት አስገባሁት። ከሰል አንድድለት ያለኝ ነበር፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል አልሞክርም። ከሥሩ ሙቅ ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች ደርድሬ፣ ከላይ በብርድ ልብስ ጀቦንኩት። እማዬ አይታ ሳቀች። «ሊጥ መሰለህ እንዴ?» ግን ደረቀ። ላዩ ላይ ቅባት ቅባት የሚል ነገር ነበር፤ ብርድና እርጥበት የሚያመጣው ነው። በውሃ አጠብኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ሁለተኛውን ደረብኩ። በዚህ ጊዜ የቀባሁት እንጨቱን አሙቄ ካበቃሁ በኋላ፣ መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው። አንድ ዓይን እንኳ አልወጣበትም።

ከዚያ ሞላሁት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 30 ጀሪካን ማለት ምን እንደሆነ አልናገርም። የውሃውን ልክ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፤ እርጥበት ቢወርድ ቶሎ እንዲታየኝም ከሥሩ ዱቄት ነሰነስኩ። እማዬ ጮኸችብኝ። «አመድ እያለ ዱቄት!» ጠርጋ አመድ በተነችልኝ።

በማግስቱ የቀሰቀሰችኝ እሷ ናት። የግራው ጥግ ሥር፣ አመዱ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ጥቁር ነጥብ። ዝም ብዬ አየሁት። ያን ጥግ አስታውሰዋለሁ። ስንጥቁ ትንሽ ሰፋ ስላለ፣ «ለማንኛውም» ብዬ ኢፖክሲ ከመቀባቴ በፊት ሲልከን የሚሉትን የመስታወት ማጣበቂያ የጠቀጠቅኩበት ነው። ሲልከን ላይ ደግሞ ኢፖክሲ አይዝም። ከላይ ሲያዩት የተቀባ ይመስላል እንጂ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተንሳፍፎ ነው ያለው።

ውሃውን በጎማ ወደ እማዬ ጎመን ለቀቅኩት። ሲልከኑን በምላጭ ፍቄ አወጣሁ። ፋይበርግላስ፣ ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ፣ ቆርጬ ጥጉን በኢፖክሲ አለበስኩት። እንደገና ጀሪካን፣ እንደገና ብርድ ልብስ። በዚህኛው ዙር ሲልከን የተጠቀምኩት መስታወቱን ለመያዝ ብቻ ነው፤ ያውም ሻጋታ መከላከያ የሌለበትን፣ ያኛው ዓሣ ይጎዳልና። ቤቱ ለሳምንት አቼቶ አቼቶ ሸተተ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አላጋንነውም።

አሁን ከሞላሁት 9 ቀኑ ነው። ውሃው ከእርሳሱ ምልክት ጥቂት ሚሊ ወርዷል፤ የበጋው አየር የወሰደው ነው። ወርቃማ ዓሣዎች ብርድ ስለሚችሉ እነሱን አመጣለሁ፤ ሙቀት የሚወደው ቆሮሶ እዚህ ብርድ ውስጥ ያሳዝናል። አመዱ ደርቋል። ዛሬ ልጠርገው ብዬ መጥረጊያ ሳነሳ እማዬ ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ተወው፣ ይቆይ።»