ሳልጎርር ራሴን ያሳየሁበት ኢንተርቪው

በትሕትና ላደገ ሰው ኢንተርቪው ፈተና ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገትሽን ደፍተሽ ስሚ፣ ራስን ማሞገስ ነውር ነው እየተባልሽ ታድጊና አንድ ቀን ሦስት ትልልቅ ሰዎች ፊት ተቀምጠሽ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ትባያለሽ። ብዙ ጓደኞቼ እዚህች ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ወይ ይሽኮረመማሉ፣ ወይ ከዩቲዩብ የሸመደዱትን ጉራ ይነዙታል። እኔ አሁን ያለሁበትን የሂሳብ ሥራ ያገኘሁት ሁለቱንም ሳላደርግ ነው። ስለ ራሴ ማውራቱን ትቼ ስለ ሠራሁት ሥራ አወራሁ።

ጥሪው በ2017 ነሐሴ ላይ በአጭር የጽሑፍ መልእክት መጣ፤ «ሐሙስ 8፡30 ዋናውን ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ» ይላል። 8፡30 በማን ሰዓት? በእኛ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ነው፣ በፈረንጆቹ ከሆነ ጠዋት 2፡30። ድርጅቱ አስመጪ ነውና ከውጭ ጋር ሲጻጻፍ ነው የሚውለው፣ ሁለቱም ያስኬዳል። ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ጸሐፊ ሳቅ ብላ «ጠዋት ነው፤ እስካሁን የጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ። (ከሰዓት በኋላ መጥቶ የተመለሰ ሰው ይኑር አይኑር እንጃ።) እግረ መንገዴን ሕንፃው የት ጋ እንደሆነ ጠየቅኩና ረቡዕ ዕለት ሜክሲኮ ሄጄ አየሁት። በአዲስ አበባ አድራሻ ማለት «ከባንኩ ጀርባ፣ መስታወት ያለው ሕንፃ» ማለት ስለሆነ፣ በዋዜማው ሄዶ ማየቱ የታክሲ ሒሳቡን ያወጣል።

ሌላው ነገር ጭቃው ነው። በነሐሴ ከአያት ሰፈር ተነሥቶ ንጹሕ ጫማ ይዞ መድረስ የሚታሰብ አይደለም። በሸራ ጫማ ሄድኩና ጥቁሩን ጫማዬን ከፌስታል አውጥቼ ሕንፃው ሥር ካለው ሊስትሮ ዘንድ ቀየርኩ። ኮቱ የእህቴ ነው። ስለ አለባበስ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ንጹሕ ከሆነና እጅጌውን እየጎተታችሁ ካላስቸገራችሁ ይበቃል።

ማስረጃዎቼን በሚጠይቁበት ቅደም ተከተል ደርድሬ ነበር የያዝኩት፦ ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የሥራ ልምድ፣ መልቀቂያ፣ እያንዳንዱ ከነኮፒው። የሥራ ልምዱ የሥራ ግብር መከፈሉን የሚገልጽ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ይህች አንድ መስመር ስለጎደለች ብቻ የሁለት ዓመት ልምዱ እንደ ዜሮ የተቆጠረበት ሰው አውቃለሁ።

የገቡት ሦስት ናቸው፦ የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ የፋይናንስ ኃላፊውና በዕድሜ የገፉት ሥራ አስኪያጅ። እጃቸውን እስኪዘረጉ ጠብቄ ጨበጥኳቸው፣ ተቀመጪ ስባል ተቀመጥኩ። ትልቅ ሰው ዐይን ዐይኑን ማየት ድፍረት ይመስለኛልና አንድ መላ ነበረኝ፤ የጠየቀኝን ሰው እያየሁ ጀምሬ፣ ስለ ቁጥር ሳወራ ወደ ወረቀቴ እመለሳለሁ። ሲጀምሩ በእንግሊዝኛ ነበር። የሥራዬን ዐረፍተ ነገሮች አጫጭር አድርጌ ተለማምጄ ስለነበር አልተንተባተብኩም፤ ትንሽ ቆይቶ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«ስለ ራስሽ ንገሪን» ስባል «ተወልጄ ያደግኩት» ብዬ አልጀመርኩም፤ እሱማ ሲቪው ላይ አለ። የነገርኳቸው አንድ ነገር ነው። በፊት የሠራሁበት የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ የባንኩ ሒሳብና የእኛ መዝገብ በ27,000 ብር አልታረቅ ብሎ ለወራት ተንከባሎ ነበር። ልዩነቱን ለ9 ሳካፍለው ያለ ቀሪ ተካፈለ። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። ስለዚህ ደረሰኙን ሁሉ ከማገላበጥ ይልቅ እንዲህ ያለ ነገር ብቻ ፈለግኩ፤ አንድ የ63,500 ብር ገቢ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ 36,500 ተብሎ ገብቶ አገኘሁት። የፋይናንስ ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ለ9 የሚለውን ማን አስተማረሽ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ወሬው የሁለት የሂሳብ ሰዎች ወሬ ሆነ። ጎበዝ ነኝ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም።

ቀጥሎ ወረቀት ገፋ አደረገልኝና «15,000 ብር ደመወዝተኛ በእጁ ስንት ይደርሰዋል?» አለኝ። የገቢ ግብሩ ከሐምሌ ጀምሮ መሻሻሉን አውቅ ነበርና «በአዲሱ ነው በድሮው?» ብዬ ጠየቅኩ። በአዲሱ አለኝ። ድምፄን አውጥቼ ሠራሁት፦ የመጀመሪያው 2,000 ነፃ ነው፤ እስከ 4,000 ባለው 15 በመቶ፣ 300፤ እስከ 7,000 ባለው 20 በመቶ፣ 600፤ እስከ 10,000 ባለው 25 በመቶ፣ 750፤ እስከ 14,000 ባለው 30 በመቶ፣ 1,200፤ በቀረው 1,000 ላይ 35 በመቶ፣ 350። ድምር 3,200። ጡረታ 7 በመቶ 1,050። በእጁ 10,750። በድሮው ግብሩ ብቻ 3,750 ይሆን እንደነበርም ጨመርኩ። ድምፅ አውጥቶ መሥራት ጥሩ ነው፤ መጨረሻ ላይ ብትሳሳቱ እንኳ አካሄዳችሁን ሰምተዋል።

ከዚያ የሰው ኃይል ኃላፊዋ «አግብተሻል? ልጅስ?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ ለወንዶቹ ሲቀርብ ሰምቼ አላውቅም፣ መጠየቁም ትክክል አይመስለኝም። ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ክርክር መክፈቱ አልታየኝም። ከጥያቄው ጀርባ ያለውን ሥጋት ለመመለስ ሞከርኩ፦ «የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ ማምሸት እንዳለ አውቃለሁ፤ በፊትም አመሽ ነበር» አልኩና ዝም አልኩ። አልደገመችውም።

ማስታወቂያው ላይ ደመወዙ «በስምምነት» ነበር የሚለው። ተመሳሳይ ድርጅት ውስጥ ያሉ የክፍል ጓደኞቼን አስቀድሜ ጠይቄ ስለነበር ከዚህ እስከዚህ ብዬ ተናገርኩ፤ ያልተጣራ፣ ማለትም ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰለት መሆኑንም ጨመርኩ። ይህን ሳይለዩ ተስማምተው በመጀመሪያው ደመወዝ ቀን የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። የትራንስፖርት አበል መኖር አለመኖሩንም እዚያው ጠይቁ፣ ነውር የለበትም።

«ጥያቄ አለሽ?» ሲሉኝ ሁለት ጠየቅኩ፦ ወሩ የሚዘጋው ስንት ቀን ላይ ነው፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሰውስ ምን ላይ ነበር የሚቸገረው? ሁለተኛው ላይ ተያዩና ሥራ አስኪያጁ «ዕቃው ጉምሩክ ላይ ሲዘገይ ወጪው ይዘበራረቅብናል» ብለው በሰፊው አጫወቱኝ። ለራሴም ጠቅሞኛል፤ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የከፈትኩት የዚያን ፋይል ነው።

አልፈሻል ተብዬ ስጠራ ውሉ ላይ የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ያልጠበቅኩት ዋሱን ነው። ገንዘብ የሚነካ ሥራ ስለሆነ ደመወዝተኛ ዋስ በሦስት ቀን አምጪ ተባልኩ፤ አጎቴ ደግሞ ለሌላ ሰው ዋስ ሆኖ ነበርና መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ደብዳቤ አልጽፍም አለ። የእናቴ ጓደኛ ባትደርስልኝ ኖሮ ቦታው ለተጠባባቂው ይሄድ ነበር። ሂሳብ፣ ገንዘብ ቤት ወይም ንብረት ክፍል የምትወዳደሩ ከሆነ፣ ዋስ የሚሆናችሁን ሰው ለኢንተርቪው ስትጠሩ ያኔውኑ አነጋግሩት።