ፒ11 ፓይፕ፣ የጅማ ክረምት እና የኤሌክትሮድ ምድጃ

በመጨረሻ የብየዳ ስንጥቅ የሚያሳየው ቀዩ ቀለም ምንም አላሳየም! ፒ11 ፓይፕ (ለከፍተኛ ሙቀት የሚሆን የብረት ቱቦ) በይጄ አሳደርኩት። ቀለሙን ቀባሁ፣ ጠረግሁ፣ ስንጥቅ ውስጥ የቀረ ቀይ ካለ ስቦ የሚያወጣውን ነጩን ረጨሁበት። ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከዚህ በፊት ከብየዳው ጠርዝ ጎን ፀጉር የምታክል ቀይ መስመር ብቅ እያለች ታበሽቀኝ ነበር።

የጀመርኩት እንደ ብዙዎቻችን በበርና መስኮት ነው። ቱቦላሬ፣ 6013 ኤሌክትሮድ (ቀልጦ የሚበይደው ልባስ ያለው ዘንግ)፣ አለቀ። ቀጥሎ ተራ የካርቦን ፓይፕ፣ ከዚያ ሲምለስ። ሲምለስ የጋለ ድፍን ብረት መሐሉ ተበስቶ ስለሚሠራ ርዝመቱን ይዞ የሚሄድ የብየዳ መስመር የለውም። ፒ11 ላይ ደግሞ 1.25 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 0.5 በመቶ ገደማ ሞሊብዲነም ተጨምሯል። ተራ የካርቦን ብረት ከ425 ዲግሪ በላይ ብዙ ሲቆይ ይደክማል፤ ይሄኛው ይችለዋል። ቦታው የቦይለር ትኩስ እንፋሎት መስመር ነው። ለቀዝቃዛ ውሃ ፒ11 የሚገዛ ሰው ብሩን እየበተነ ነው።

ራስ ምታቴ እርጥበት ነበር። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ቢያቆም እንኳ አየሩ አይደርቅም። ለፒ11 የሚሆነው 8018-ቢ2 ኤሌክትሮድ ፓኬቱ ተከፍቶ ከቆየ ልባሱ እርጥበት ይስባል። ያ ውሃ በአርኩ (በብየዳው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ሙቀት ተበጣጥሶ ሃይድሮጅን ይሆንና ቀልጦ ባለው ብረት ውስጥ ይገባል። ፒ11 ቶሎ ከቀዘቀዘ ይጠነክራል፤ ሃይድሮጅኑም ውስጡ ታፍኖ ይቀራል። ስንጥቁ ወዲያው አይመጣም። ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው የሚመጣው። በይደህ ወዲያው መርምረህ «ጥሩ ነው» ማለት ራስን መሸወድ ነው።

ኤሌክትሮድ ፀሐይ ላይ ማስጣት ጊዜ ማባከን ነው። ብረት ላይ አጣብቆ እስኪቀላ ማጋል ደግሞ ልባሱን ያበላሸዋል፤ ይህን የሚያስተምሩ ጌቶች አሉ፣ አትስሟቸው። የወጥ ቤት ምድጃም አይበቃም፤ አምራቾቹ የሚጠይቁት ከ350 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። እኔ በአሮጌ ላሜራ ሳጥን ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና የሙቀት መቆጣጠሪያ ገጠምኩ። ካደረቅሁ በኋላ ወደ 120 ዲግሪ አውርጄ እዚያው አቆያቸዋለሁ፤ ስበይድ ጥቂት ጥቂት ብቻ አወጣለሁ። ፓይፑንም በጋዝ ወደ 150 ዲግሪ አሞቀዋለሁ፣ ስጨርስ በማገጃ ጨርቅ ጠቅልዬ ቀስ ብሎ እንዲበርድ እተወዋለሁ። ለውጡን ያመጣው ግን ሳጥኑ ነው ባይ ነኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ቲግ (በአርጎን ጋዝ ሽፋን የሚበየድበት ዘዴ) ላይ ገና ሰነፍ ነኝ። የመጀመሪያው ዙር በአርጎን ቢሆን ይሻላል፤ እጄ አልለመደም። ከብየዳ በኋላ የጠነከረውን ለማለስለስ ከ650 ዲግሪ በላይ የሚያሞቅ መሣሪያም የለኝም። ስለዚህ የፋብሪካ እንፋሎት መስመር ሥራ ቢመጣልኝ አልነካም፤ የምበይደው ለልምምድ የገዛሁትን ቁርጥራጭ ብቻ ነው። እሱንም «ኤ335 ፒ11» የሚለው የደረጃ መለያ ጽሑፍ ጎኑ ላይ ካልታየኝ አልገዛም። በዓይን ከካርቦን ፓይፕ አይለይማ።

በ150 ዲግሪ የሚቀልጥ የሙቀት መለኪያ ጠመኔ ጅማ ውስጥ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ከአዲስ አበባ በሰው ማስመጣት ሰልችቶኛል።